እህል ያልቀመሱት ጋሽ አሰግድ

ጋሽ አሰግድ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለችልኝ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ናት፤ ስሟን እዚህ ላይ ማንሳት አልፈልግም። ጤንነቴን ጠየቀች፣ የልጆቼን ደህንነት ጠየቀች፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ ትንሽ አወራችኝ፣ ከዚያ እንደ ዋዛ፣ «ለካ አልሰማሽም፣ ያ ሟርተኛ እኮ አረፈ» አለችኝ። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሸዋ ሮቢት በዚያ ስም የሚጠራ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ስሙን ካወጡላቸው ሰዎች አንዷ ደግሞ ራሷ ናት። ለቀብሩ ትሄድ እንደሆነ ብጠይቃት ጉልበቴን አሞኛል አለች። ጉልበቷ የሚያማት የማን ለቅሶ እንደሆነ እያየ ነው።

እኔ ሄድኩ። እዚያ ያየሁትን ከመናገሬ በፊት ግን ሰውየው ማን እንደነበሩ ልንገራችሁ፤ ያለዚያ የማለቅሰው ለምን እንደሆነ አይገባችሁም።

መሥሪያ ቤታችን ለአካባቢው ገበሬ ዘርና ማዳበሪያ የሚያከፋፍል ነበር። እኔ ታይፒስት ነበርኩ፣ ጋሽ አሰግድ የሠራተኛ አስተዳደር። የመንዝ ሰው ናቸው። ጣርማ በርን ተሻግረው ቆላ ከወረዱ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ሳለ ያን ወፍራም ኮታቸውን አንድ ቀን አላወለቁም። ሰው በሙቀት ሲቃጠል እሳቸው እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይቀመጣሉ። ለምን እንደማያወልቁ የጠየቃቸው ሰው፣ «ሙቀት የሚገባው በተከፈተ በኩል ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ላባቸው ግን በጆሯቸው ሥር ይወርድ ነበር።

ስለሞቱ ብዬ አልዋሽም፤ ስንወዳቸው አልኖርንም። የፊርማ ወረቀቱን ልክ በሰዓቱ ከጠረጴዛው ላይ ያነሡታል። ያረፈደ ሰው እሳቸው ክፍል ገብቶ መቆም አለበት። አይቆጡም፣ አይሰድቡም። የእጅ ሰዓታቸውን መስተዋት በጥፍራቸው ቆጥ ቆጥ አድርገው ከመነጽራቸው በላይ ያዩታል፣ ከዚያ ቀዩን እስክሪብቶ ያነሣሉ። አንድ ጊዜ አንዱ የሥራ ጓደኛችን የተሳፈረባት ባጃጅ ተገልብጣ ጉልበቱ እየደማ መጣ። ጋሽ አሰግድ ከወንበራቸው ተነሥተው ቁስሉን አጠቡለት፣ በራሳቸው መሐረብ አሰሩለት፣ ውሃ አጠጡት። ከዚያ ተቀምጠው ግማሽ ቀን ቀሪ ጻፉበት። ልጁ ማልቀስም መሳቅም አቅቶት ወጣ። «ሰው በትልቅ ነገር አይሞትም፤ በትንሽ ነገር ነው የሚሞተው» ይሉ ነበር፣ ማርፈድንም ሆነ ያልታሰረ የጫማ ክርን በአንድ ሚዛን እያዩ። እኛ ደግሞ ከኋላቸው ይህንኑ እየደገምን እንስቅ ነበር።

ቀይ እስክሪብቶው ነክቷት የማያውቅ አንዲት ሠራተኛ ብቻ ነበረች፤ አስካለ። መዝገብ ቤት ነው የምትሠራው። ቤቷ ከወንዙ ማዶ፣ ቀወት ገጠር ውስጥ ሆኖ፣ በእግሯ እየመጣች ከሁላችን ቀድማ ትገኛለች። ባሏ ጋሽ ተፈራ ገበሬ ናቸው፤ ፓፓያቸው ሲደርስ ጭና ታመጣና ለየቢሮው ታድላለች። ጋሽ አሰግድን የሚያስቃቸው ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። ኮታቸውን እያየች፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ደሞ በረዶ ሊጥል ነው መሰል» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ወደ መስኮቱ ዞረው ይስቃሉ፣ እንዳናያቸው።

በሽታው የገባው ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ወንዙ ሞልቶ የሰውን መጸዳጃ ሁሉ ጠራርጎ ከወረደ በኋላ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት የቆየ ስም ነበረው። እኛ ግን እንድንለው የተፈቀደልን «አተት» ብቻ ነበር፤ በሽታው ስሙ ሲለወጥበት አፍሮ የሚሄድ ይመስል። ኳስ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ። ሰው በጋሪም በባጃጅም እየተጫነ ይገባል፤ አንዳንዱ በእግሩ ይወጣል፣ አንዳንዱ አይወጣም። መሥሪያ ቤታችን ተዘጋ። እኔም ድንኳን ገብቼ በመርፌ ውሃ ተንጠባጥቦልኝ ከሞት ተመለስኩ። አስካለ አልተመለሰችም። ከአጠገቤ ሁለት አልጋ አልፎ ተኝታ ነበር፤ ጠዋት ቀና ስል አልጋዋ ታጥቧል። የቀበሯት የጤና ሰዎችና ባሏ ናቸው። ያችን የመሰለች ሴት ያለ ለቀስተኛ አፈር ገባች።

ቆይቶ በሽታው ጠፍቷል ተባለና ወደ ሥራ ተመለሱ የሚል ትእዛዝ መጣ። ወጣቱ ኃላፊያችን ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ገብቶ ሥራ እንዲጀምር ፈለገ፤ ከላይ ጎብኚ ይመጣል ተብሎ ነበር። ጋሽ አሰግድ ግን ከሁላችን ቀድመው ብቻቸውን ግቢውን ከፍተው ገብተዋል። ኮታቸውን አውልቀው ያየናቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሸሚዛቸውን እስከ ክንዳቸው ሰብስበው የውሃ ማጠራቀሚያውን ሮቶ ከውስጥ ይፈትጉ ነበር። መጸዳጃ ቤቱ ላይ ኖራ ነስንሰዋል። በር ላይ ቧንቧ የተገጠመለት ጀሪካን አቁመው ሳሙናውን እንዳይሰረቅ በሲባጎ አስረውታል። ሁላችንም የምንጠጣበት፣ በርሜሉ ላይ የሚንጠለጠል ጣሳ ነበረን፤ እሱን ወስደው ጉድጓድ ጨመሩት። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኩባያ ይዞ ይምጣ ተባለ።

ይኼ ሁሉ ይሁን። ሰውን ያስቆጣው ሌላ ነው። ከሞት ተርፈን ስንገናኝ ተቃቅፈን መሳሳም፣ ትከሻ ለትከሻ መገጫጨት የለመድነው ነገር ነው። ጋሽ አሰግድ በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆሙ። ሰው እጁን ሲዘረጋ እጅ ይነሣሉ እንጂ አይጨብጡም፤ የተዘረጋው እጅ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ምሳ ደግሞ አለ። ምሳ ዕቃችንን አንድ ትልቅ ትሪ ላይ ገልብጠን ከበን መብላት የመሥሪያ ቤታችን ወግ ነበር፤ ተጣልቶ የከረመ እንኳ በዚያ ትሪ ላይ በጉርሻ ይታረቃል። ትሪውን ወስደው ማኅተም በሚቀመጥበት ቁም ሣጥን ቆለፉበት። ሹፌራችን «ትሪው ታስሯል፣ ዋስ የሚሆን ሰው ጠፋ» እያለ ቢያስቀንም ውስጥ ውስጡን ሁላችንም ተቀይመናል። ሠራተኛውንም ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት እንዲገባ። ስብሰባ ማንጎው ሥር ሆነ።

እኔ የመጣሁት ገና ሳይሻለኝ ነው። ሆዴ አልቆመም ነበር፤ ግን ቀሪ እባላለሁ ብዬ ግድግዳ ተደግፌ መጣሁ። ቀይ እስክሪብቶውን ነዋ የማውቀው። ጋሽ አሰግድ ከሩቅ አይተውኝ በሩ ላይ አስቆሙኝ።

«ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«ልፈርም ነዋ፣ ጋሼ።»

«ከንፈርሽ ደርቋል። ሂጂ፣ ተኚ። ደሞዝሽ አይነካም፣ እሱ የኔ ጉዳይ ነው። ሆድሽ ሲቆም ነይ።»

ቤቴ እስክደርስ አለቀስኩ። የተባረርኩ መስሎኝ ነበር። እኔን ብቻ አልነበረም፤ ያን ሰሞን ስንቱን ከበር እየመለሱ አስተኝተዋል። ሰው አረፈደ ብለው ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው፣ ለምን መጣህ ብለው መቆጣት ጀመሩ። ኃላፊው ጎብኚ ሊመጣ ቢሮው ባዶ ሆነ ብሎ ጮኸባቸው። እሳቸው የሰዓታቸውን መስተዋት ቆጥ ቆጥ አድርገው፣ ሰው ከሞተ በፈረቃም እንደማይገባ ነገሩት።

እንዲህ እያልን ደህና ነበርን። ከመካከላችን አንድም ሰው ዳግመኛ አልታመመም። ነገሩን ያበላሸው የአስካለ ተዝካር ነው።

ቀብሯ ላይ ማንም አልደረሰም ብያለሁ። ስለዚህ አርባዋን እንኳ ሳንደርስላት ብንቀር ምን ሰው እንባላለን ተባለና፣ ሠራተኛው በሙሉ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሊሄድ ተነሣ። ጧፍና ስኳር ተዘጋጀ። ኃላፊው ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ሄዶ ጋሽ አሰግድን በራሱ ቦታ ወክሎ ነበር። ጠዋት ጥቁራችንን ለብሰን መኪናው ላይ ልንወጣ ስንል ጋሽ አሰግድ ቁልፉን ከሹፌሩ እጅ ወስደው ኮት ኪሳቸው ከተቱትና በሩ ላይ ቆሙ።

ነገሩን በቀስታ ማስረዳት ይችሉ ነበር። አያውቁበትም። ያ መንደር የሚጠጣው ከመስኖ ቦይ ነው፣ ቦዩን ያከመው ሰው የለም፣ ጠላው የሚጠመቀው በዚያው ውሃ ነው፣ እናንተም ሄዳችሁ በአንድ ትሪ ትበላላችሁ፣ አሉ። የሄደ ሰው ምንም እንዳልያዘው እስኪታወቅ ግቢው ውስጥ እንደማይገባ፣ የቀረበትም ቀን ሁሉ በቀይ እንደሚጻፍበት ጨመሩ። ሰዉ ተንጫጫ። በሽታውን ያልፈራ ሁሉ ግን ቀይ እስክሪብቶውን ፈራ። ከመካከላችን ሸምገል ያለው የመጋዘን ሠራተኛ ብቻ ቀረባቸው።

«አሰግድ፣ ሰው ሆነህ ተናገር እንጂ። አስካለን ሁለት ጊዜ ልንገድላት ነው?»

«እሷን አይደለም የምጠብቀው፤ እሷማ ሞተች» አሉ ጋሽ አሰግድ። «እኔ ስለ ሁላችሁም እደርሳለሁ።»

ጧፉንና ስኳሩን ይዘው፣ በኮታቸው፣ ብቻቸውን ሄዱ።

እዚያ የሆነውን ኋላ የመንደሩ ሰዎች ነገሩን። ጋሽ ተፈራ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀብለው፣ ከካህናቱ አጠገብ የክብር ቦታ አስቀመጧቸው። የመሥሪያ ቤቱ ሰው እንዳልመጣ ሲያዩ ከፍቷቸዋል፤ ቢሆንም አለቃዋ መጥተዋልና ተጽናንተዋል። እህሉ ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። ጋሽ አሰግድ አልቀመሱም። ግድ የለም፣ ለወጉ ያህል አንድ ጊዜ ብቻ ይጉረሱ ተባለ። አልቀመሱም። ጋሽ ተፈራ ራሳቸው ጠቅልለው በእጃቸው ቢዘረጉላቸው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «አስካለን እንደ እህቴ ነው የማያት። ውሃችሁ ግን በሽታ አለበት፤ እኔም አልበላም፣ እናንተም ባትበሉ ይሻላል» አሉ። በተዝካር መካከል! የሰውየው ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። ጋሽ ተፈራ ጉርሻውን ወደ ትሪው መልሰው፣ «የሚስቴን እህል ተጸየፍከው። እኔም ያንተን የምቀምስበት ቀን አይምጣ» ብለው ማሉ ይባላል።

ብዙም ሳይቆይ ከዚያ መንደር ሰው በጋሪ ይጫን ጀመር። ተዝካሩን የበሉ ናቸው። የጋሽ ተፈራ ታናሽ ወንድም ሞተ። ከመሥሪያ ቤታችን ግን ያልሄደ ሰው ምን ይይዘዋል? ሁላችንም ደህና።

ሌላ አገር ቢሆን ሰው ተሰብስቦ እግራቸውን ይስም ይሆናል። የኛ ሰው ግን ሌላ ሒሳብ አለው። ክፉ የሚናገር አፍ ክፉውን ይጠራል። ደህና ተቀምጦ የነበረውን መንደር ውሃችሁ በሽታ አለበት ብሎ ያሳመመው ማን ሆነና! ተዝካር ላይ ቆሞ ያሟረተው ማን ነው! ገበያ ውስጥ ሴቶች ሲያዩዋቸው በነጠላቸው አፋቸውን ይሸፍናሉ። ባለሱቁ ሒሳባቸውን ተቀብሎ ፊቱን ያዞራል። ከሞት የጠበቋቸው የመሥሪያ ቤት ሰዎች ደግሞ ከሁሉ ባሱ፤ ሟርተኛ የሚለው ስም የወጣው ከኛው ግቢ ነው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። የታመመ ሰው ያዳነውን ሐኪም ያውቀዋል። ሳይታመም የዳነ ሰው ግን ከምን እንደዳነ ስለማያውቅ የሚያመሰግነው ሰው የለም፤ ተዝካር ያስቀረበትን ሰው ግን አይረሳም።

አንድ ቀን ብቻቸውን ማንጎው ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጨክኜ ጠየቅኳቸው። አንድ ጉርሻ ቢቀምሱ ምን ነበረበት? እርስዎ ብቻዎን ቢታመሙ እንኳ እናሳክምዎ ነበር አልኳቸው።

«እኔ አንድ ጉርሻ ብቀምስ» አሉ፣ «በማግስቱ ‹እሳቸውም በልተዋል› ብላችሁ ሁላችሁም ትሄዱ ነበር። አላውቃችሁም እንዴ?»

«እንዲህ ከሰው ተቆራርጠው ግን ቀባሪ ያጣሉ፣ ጋሼ።»

ሰዓታቸውን ቆጥ ቆጥ አደረጉ። «ቀባሪ የማጣው ሁላችሁም ቀድማችሁኝ የሞታችሁ እንደሆነ ነው። አሁን አላችሁልኝ። መምጣትና መቅረት የናንተ ፈንታ ነው።»

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ ግምገማው መጣ። ያን ዘመን የሠራ ሰው ግምገማ ምን እንደነበር ያውቃል፤ ለማያውቅ ደግሞ፣ ሰውን መሐል አስቀምጦ በየተራ ማብጠልጠል ነው። ማንጎው ሥር ወንበር ተደረደረ፤ እሳቸው ራሳቸው ባራራቁት ወንበር። ኃላፊው ሠራተኛውን ከሕዝቡ ነጥለዋል፣ ሽብር ነዝተዋል ብሎ ከፈተ። ከዚያ እጅ መውጣት ጀመረ። ባህላችንን ንቀዋል አለ አንዱ፤ ይህ ሰው ከነተቅማጡ ሥራ ሊገባ ሲል ከበር የመለሱት ነው። ትሪያችንን ቆልፈውብናል አለ ሌላው። በባጃጅ የተገለበጠው ልጅ እንኳ ያችን የግማሽ ቀን ቀሪ አስታውሶ ተነሣ፤ መሐረቡን ረስቶታል። እኔ እጄን አውጥቼ፣ ያን ቀን ባይመልሱኝ ኖሮ ወይ ሞቼ ወይ ገድዬ ነበር ብል፣ ሰብሳቢው ከአጀንዳው አትውጪ ብሎ አስቀመጠኝ።

በመጨረሻ ጋሽ አሰግድ ራሳቸውን ይገምግሙ ተባለ። ተነሡ። ኮታቸውን ቆልፈዋል፤ ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል።

«ወደ ሥራ ከተመለሳችሁ ወዲህ ከእናንተ መሐል የታመመ አለ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«እንግዲያው ግምገማዬን ጨርሻለሁ» ብለው ተቀመጡ።

ከሠራተኛ አስተዳደርነት አንሥተው መንገድ ዳር ያለው የማዳበሪያ መጋዘን ጥበቃ ላይ መደቧቸው። ትሪው በዚያው ሳምንት ከቁም ሣጥን ወጣ፤ በእልልታ ነው የወጣው። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ እዚያው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ፣ በዚያ ወላፈን፣ በኮታቸው ተቀምጠው ኖሩ። ሳልፍ እገባ ነበር። በሩ ላይ ጀሪካን አለ፣ ሳሙናውም በሲባጎ ታስሯል። ማንም ስለማይመጣ ሳሙናው ተሰነጣጥቋል። እኔን አስታጥበው ያስቀምጡኛል። ስለ ማንም ክፉ አያወሩም፤ ሰው ሁሉ ደህና መሆኑን ብቻ ይጠይቃሉ፣ በስም እየጠሩ፣ አንድም ሳይዘሉ። ያቺን ጉልበቷን የሚያማትን ሴት እንኳ ይጠይቁ ነበር።

ቀብራቸው ላይ የነበረው ሰው የዕድር ሰው ነው። ዕድርተኛ ከቀረ ይቀጣላ። ሰው ሁሉ በሰዓቱ እንዲገኝ ሲሉ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው፣ የቀበራቸው ቀሪ እንዳይባል የመጣ ሰው ሆነ። ስም ተጠርቶ እንዳበቃ አብዛኛው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተበተነ። ከመሥሪያ ቤታችን የመጣነው እኔና ያ የጥንቱ ሹፌር ብቻ ነን። የድንኳኑ አግዳሚዎች ባዶ ነበሩ። ሁሉም በየቤታቸው አሉ፤ ልጅ አድርሰው፣ ወፍረው፣ በጤና።

ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ያን ጀሪካን ከመጋዘኑ አስመጥታ ድንኳኑ መግቢያ ላይ አቁማዋለች። ሐዘንተኛ ሆና፣ ማቅ ለብሳ፣ የሚገባውን ሁሉ ሳይታጠብ አታሳልፍም። ንፍሮውንም በእጅ አላስዞረችም፤ በጭልፋ እየቀዳች በየሳህኑ ትሰጣለች።

ንፍሮው እየዞረ ሳለ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን እየተመረኮዙ መጡ። ሹፌሩ በክርኑ ጎሸመኝ። ጋሽ ተፈራ ናቸው። ከዚያ ከወንዙ ማዶ በዚያ ፀሐይ መጥተዋል። እትዬ ዘነበች አላወቀቻቸውም መሰለኝ፤ እንደ ሌላው ሰው ወደ ጀሪካኑ አመለከተቻቸው። ዱላቸውን ድንኳኑ ላይ አስደግፈው፣ ሳሙናውን ይዘው፣ እርሻ ውሎ እንደገባ ገበሬ እስከ ክርናቸው ታጠቡ። ገብተው ተቀመጡ። የታረቁ መስሎኝ እንባዬ መጣ።

እትዬ ዘነበች ሳህኑን ስትዘረጋላቸው በእጃቸው ጀርባ መለሱት።

«እኔ ተፈራ ነኝ፣ የአስካለ ባል። ባልሽ የሚስቴን ተዝካር አልቀመሰም። እኔም የሱን አልቀምስም። ይህን ልናገር ነው የመጣሁት።»

እትዬ ዘነበች ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ትጮሃለች ወይም ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ረጋ ብላ አየቻቸው።

«ይሁን» አለች። «እጅዎን ግን ታጥበው ነው የገቡት። አሰግድ ከሰው የሚፈልገው ይኸንኑ ነበር።»

ጋሽ ተፈራ እጆቻቸውን አዩ። ገና አልደረቁም ነበር። ዱላቸውን አንሥተው ወጡ።

የሳቸውን ሳህን እኔ ተቀበልኩና በላሁት።